አለርጂ ያለበት ልጅና የጋራ መሶብ

ልጄ ያኔ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። የገና ዋዜማ ነው፤ ላሊበላ በእንግዳ ተጨናንቃለች፣ እኛም ደጃችን ላይ ውሃ አሙቀን የተጓዦችን እግር እናጥባለን። አንዲት እናት ከስንቃቸው ቆሎ ዘገኑና «እንቺ ልጄ» ብለው ሰጧት። ከገብሱ ጋር ለውዝ ተቀላቅሎበት ኖሯል። ቆሎው ከእጇ ሳያልቅ ከንፈሯ አበጠ፣ አንገቷን ሽፍታ ወረሳት፣ ድምጿ ጎረነነ። ከጎረቤት አንዱ «ምች ነው፣ ዳማ ከሴ ጨምቃችሁ አጠጧት» አለ፤ ሌላው «ዓይን ነው» አለ። ተሸክመናት ሮጥን። አንዲት ነርስ ጭኗ ላይ አድሬናሊን ወጋቻት፤ ትንፋሿም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ስድስት ዓመታት በቤታችን የተማርነውን በየተራው ላስቀምጠው።

መጀመሪያ፣ ነገሩ አለርጂ መሆኑን ይለዩ። አለርጂ ማለት ለሌላው የሚስማማውን ምግብ የአንዱ ሰውነት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣበት ነው። ብዙውን ጊዜ ምልክቱ ከበሉ በኋላ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፦ ሽፍታ፣ ማሳከክ፣ የከንፈርና የዓይን ማበጥ፣ ትውከት፣ ሲብስም የትንፋሽ ማጠር። ወተት ሲጠጡ ሆድ መነፋት ብቻውን አለርጂ ነው አያሰኝም። በእኛ አገር የምናውቀው ጓያም እንዲሁ ሌላ ነገር ነው፤ በድርቅ ዘመን ለወራት በብዛት ሲበላ እግር የሚያሽመደምደው በውስጡ ባለው መርዝ ነው፣ ማንንም አይመርጥም።

ደብተር ይያዙ። ልጁ ምን በላ፣ በስንት ሰዓት፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን ታየበት? ሽፍታው ሳይጠፋ በስልክ ፎቶ ያንሱት። ደብተሩን ለሐኪም ያሳዩ እንጂ በግምት ብቻ ሽሮውንም ወተቱንም እንቁላሉንም አይከልክሉ። በላስታ ደጋ የልጅ ምግብ ዓይነቱ ጥቂት ነው፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ የተነፈገ ልጅ ከአለርጂው በፊት ረሃቡ ይጎዳዋል። አንድ ጊዜ ትንፋሹ ያጠረ ልጅን ደግሞ «እስኪ ዛሬስ ይተወው እንደሆነ» ብሎ ቤት ውስጥ መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር የክፉ ቀን ዝግጅት ነው። ዛሬውኑ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው «አድሬናሊን አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ግድግዳ ላይ ይጻፉት። ቤትዎ መኪና በማይደርስበት በአቡነ ዮሴፍ ተረተር ከሆነ ቃሬዛው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚሸከም፣ ማን ቀድሞ እንደሚሮጥ ከጎረቤት ጋር ይነጋገሩ። ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወልድያ ለመድረስ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የመጀመሪያው መርፌ እዚሁ ቅርብ መገኘት አለበት።

አለርጂው ሲነሳበት ልጁን አያስሩጡት፣ አያቁሙት። አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉለት፤ ትንፋሽ ካጠረው ደግፈው ያስቀምጡት፤ ካስመለሰው በጎኑ ያስተኙት። ጉሮሮው ላበጠ ልጅ ወተትም፣ የቅጠል ጭማቂም አይስጡ። ጸሎቱ መንገድ ላይም ይጸለያል። የማሳከክ ክኒን ሽፍታውን ያስታግሳል፣ ትንፋሽ ግን አያድንም፤ የሚያድነው በጭኑ ውጫዊ ጡንቻ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። ደህና ሆነ ተብሎም ወዲያው ወደ ቤት አይመለሱ፤ ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊነሳ ይችላል።

ወደ ማጀት እንግባ፤ ብዙው ሥራ ያለው እዚያ ነው። የከተማ ሰው የብስኩት መጠቅለያ ያነባል። የእኛ እህል የሚመጣው ግን ከወፍጮ ቤት ነው፣ ወፍጮ ደግሞ መጠቅለያ የለውም። ከእርስዎ በፊት ሽሮ ያስፈጨው ሰው ሽምብራ፣ አተርና አብሽ በድንጋዩ መካከል ትቶ ይሄዳል። አብሽ ከለውዝ ጋር በዘር ስለሚዛመድ ለውዝ የማይስማማቸውን አንዳንድ ልጆች ይቀሰቅስባቸዋል። እኔ ጠዋት ወፍጮው ሲከፈት ቀድሜ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ሁለት ጣሳ ያህል ጤፍ አስፈጭና ያንን ለትልልቆቹ እንጀራ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ድንጋዩን ያጠበው እሱ ነው። የልጄ ዱቄት ከዚያ ቀጥሎ በሌላ ከረጢት ይገባል፣ አፉም በቀይ ክር ይታሰራል። ባለወፍጮው መጀመሪያ ይገረም ነበር፣ አሁን ግን ሲያየኝ ራሱ ይጠርግልኛል።

ምጣዱ በምን እንደሚታሰስ፣ በርበሬውና ሽሮው ምን ምን እንደገባበት ይወቁ። ኑግና ሰሊጥ በአንድ መጭመቂያ የሚጨመቅበት ቤት ዘይት ሰሊጥ ለማይስማማው አይሆንም። የሸክላ ድስት የበሰለበትን ይመጥጣል፤ ስለዚህ ለልጁ የራሱ ድስትና ማማሰያ ይኑረው። እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ የእጅ ማጽጃ አልኮል ጀርሙን ይገድላል እንጂ የለውዙን ቅሪት አያነሳም።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያውን ይዩ። ወተትና እንቁላል ለማይስማማው ልጅ ጾም የዕረፍት ወራት ነው። ሰሊጥ፣ ለውዝ ወይም ጥራጥሬ ለሚያምመው ግን ጭንቁ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ይመጣል። ከሰባት ዓመት በታች ያለው አይጾምም፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ከንስሐ አባት ጋር ይመካከሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም። በፋሲካ ዶሮ ወጥ ሲሠራ እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት የልጁን ድርሻ በራሱ ድስት ይቅዱለት። የላም ወተት የማይስማማውን «የፍየል ይሻለዋል» የሚሉ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የፍየሉም ይነሳበታል። ንጥር ቅቤም ቢሆን የወተት ቅሪት አለበት።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ሰሜን ወሎዎች፦ ለተጎሳቆሉ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የሚሠራው ከለውዝና ከዱቄት ወተት ነው። የልጁን ሁኔታ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከመቀበልዎ በፊት ይንገሯት። ዕርዳታውን አይተዉ፤ ሌላ መንገድ እንዲፈለግለት ይጠይቁ።

ታናሹ ሲወለድ ለውዝ የሚባል ነገር እንዳይነካ ፈልጌ ነበር። ሐኪሟ ሐሳቤን አስቀየረችኝ። ለንደን ውስጥ በ640 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ለውዝ የለመዱት ከተከለከሉት ይልቅ በ5 ዓመታቸው የለውዝ አለርጂ በ81 በመቶ እንደቀነሰባቸው አሳይቷል። ስለዚህ በምክሯ ልሞ የተፈጨ ለውዝ በገንፎ ጀመርንለት፤ ሙሉ ፍሬው ሕፃን ስለሚያንቅ አይሰጥም። ከዚህ ሌላ በየዓመቱ ሐኪም ይጠይቁ፤ የወተትና የእንቁላል አለርጂ ብዙዎችን ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

የመጨረሻው፣ ለእኔም ከሁሉ የከበደኝ፣ ጉርሻ ነው። አማቴ ለአንድ ዓመት ያህል አላመኑም ነበር፤ «ስንት ልጅ አሳደግን፣ ለውዝ የጎዳው አላየንም» ይሉ ነበር። እኔም ልጄን ለብቻዋ በጓዳ ማብላት ጀመርኩ። ምግቧን አቁማ በበሩ ስንጥቅ ወደ እኛ ስታይ አንድ ማታ ያዝኳት። በማግስቱ አማቴን ቡና አፍልቼ ለመንኳቸው፦ «እማማ፣ መሶቡን እርስዎ ይጠብቁልኝ።» ከዚያ በኋላ በመሶቡ የሚቀርበው ሁሉ ልጄ የምትበላው ሆነ፣ የእኛ ለውዝና ሰሊጥ ከመሶቡ ወጣ። ለልጄ ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያቴን ልጠይቅ» ማለትን አስተማርናት። ባለፈው የማኅበር ቀን አማቴ ከቡራኬው በኋላ ተነሥተው አጠገባቸው አስቀመጧትና ለእንግዳው ሁሉ «ይቺን ልጅ ከእኔ እጅ በቀር ማንም አያጉርሳት» አሉ።