ሲኒሽን ከሣጥን አውጪ

ቆይ፣ ቆይ! ሻንጣውን አትዝጊው፤ እስቲ ልየው። ምንድነው ይሄ፣ ሦስት ጋቢ? ለዲማ? የኔ ቆንጆ፣ ባልሽ የተመደበው ደብረ ብርሃን መሰለሽ እንዴ! አንዱ ይበቃሻል፤ ሁለቱን ለእናትሽ መልሺላት። በቦታው አጎበር ጨምሪ። እነዚህን ሲኒዎች ደግሞ ከታች አትቅበሪያቸው፤ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከላይ አድርጊያቸው። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ። አሁን አረፍ በይና ስሚኝ፤ መኪናው የሚነሣው ነገ ነው።

እኔ የወታደር ልጅም የወታደር ሚስትም ነኝ፤ ብመክርሽ አይፈረድብኝም። ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው፣ እናንተ ቢሾፍቱ የምትሏት። አባቴ በአየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበር። እኛ የሰፈር ልጆች ከሐረር ሜዳ የሚነሣውን አውሮፕላን በጆሯችን ነበር የምንለየው፤ ሚግ ከሆነ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ አንቶኖቭ ከሆነ ደረትሽ ውስጥ ያጉረመርማል። የተሳሳተ ልጅ ለሌሎቹ ውሃ ይቀዳ ነበር። እናቴ ግን የተነሡትን አትቆጥርም፤ የምትቆጥረው የተመለሱትን ነው። ልማዱ የያዛት በ1969 እና በ70 በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ነው፤ ጦርነቱ አልቆም አልለቀቃትም። ሽሮ እያማሰለች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አራት ወጥተው ሦስት ከገቡ ማማሰያው ድስቱ ውስጥ ቀጥ ይላል። አራተኛው እስኪሰማ ድረስ ማንም ልጅ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ አይስቅም።

ከዚያ አባቴ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላከ፤ ፍሩንዜ ወደምትባል ከተማ፣ ዛሬ ቢሽኬክ ተብላ የኪርጊስታን ዋና ከተማ የሆነችው። ከእኛ አየር ኃይል እዚያ ጦር ሰፈር ገብተው የተማሩ ብዙ ናቸው። ሲመለስ ለእናቴ ስድስት ሲኒ ይዞላት መጣ፤ የዚያ አገር ሰዎች ሻይ የሚጠጡባቸው፣ እንደኛው ሲኒ ጆሮ የሌላቸው፣ ደማቅ ሰማያዊ ላይ ነጭ የጥጥ አበባ የተሳለባቸው፣ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ። እነዚያን ሲኒዎች አደራ ያዢልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ወረቀት። ከልብስሽ በፊት ወረቀትሽን አስቢ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያሽ። ኮፒውን እናትሽ ጋ ተዪ፣ ዋናውን በላስቲክ ጠቅልለሽ ከጎንሽ አትለዪው። ባልሽ ውክልና ይስጥሽ። እሱ ግዳጅ ላይ ሆኖ ስልኩ ሁለት ወር ዝም ቢል ደመወዙን ማን ያወጣል? "ምን አስቸኮለሽ?" ይልሽ ይሆናል፤ ሳቅ ብለሽ እጁን ይዘሽ ውሰጂው። ሟርት አይደለም፣ የኔ እናት። ክፉ ቀን ቢመጣ ሕጉ የሟቹን ጡረታ ግማሽ ለሚስት፣ 20 በመቶውን ለእያንዳንዱ ልጅ ይላል፤ ነገር ግን "ሚስቱ ነኝ" ማለት ብቻውን አይበቃም። ከጎረቤቶቻችን አንዷ አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ኖራ፣ ሦስት ልጅ ወልዳለት፣ በሽማግሌ ከመጋባታቸው በቀር ወረቀት አልነበራትምና ደጅ ስትጠና ነጠላዋ አለቀ።

ሁለተኛ፣ መንገዱን እወቂው። ዲማ በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋክ ዞን ናት፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ በጋምቤላ ከተማ የሚኬድ ይመስለዋል። አንቺ ግን በጅማ፣ በቦንጋ፣ በሚዛን አድርገሽ ነው የምትወርጂው። እስከ ሚዛን ጫካና ቅዝቃዜ ነው፤ ያቺ የተረፈችሽ አንድ ጋቢ እዚያ ትጠቅምሻለች። ከዚያ ቁልቁለቱን ስትጨርሺ ሙቀቱ የምጣድ አክንባሎ ሲነሣ እንደሚወጣው እንፋሎት ፊትሽን ይገርፍሻል። አይዞሽ፣ በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱን ጭቃ ይውጠዋል፤ ሽሮሽንና በርበሬሽን ቀድመሽ ያዢ። ባልሽ የሚያመጣውንም ኮሾሮ አትናቂ። መኪና በቀረ ቀን በሻይ ነክረሽ ለልጆችሽ የምትሰጪው እሱን ነው።

ሦስተኛ፣ ትኩሳትን አትለማመጪ። የወባ አገር ነው። ልጅሽን ካተኮሰው "ፀሐይ መትቶት ነው" ብለሽ እንዳታድሪ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪው። አጎበሩንም አልጋ ላይ ስቀዪው እንጂ እንደ አንዳንዶቹ ብልሆች የዶሮ ቤት አትክደኚበት! ከኩሬ የተቀዳ ውሃ ሳታጣሪና ሳታፈዪ አፍሽ እንዳይገባ። ጊኒ ዎርም የሚባለው ትል በአገራችን የመጨረሻ ምሽጉ ጋምቤላ ነው፤ በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች ከሰው አልፎ በውሻና በዝንጀሮ ላይ ሳይቀር ተገኝቷል። የምፈራው አንቺን አይደለም፤ ጨዋታ ላይ ሆነው ጠምቷቸው የሚጎነበሱትን ልጆችሽን ነው።

አራተኛ፣ ስልክሽን ያዝ አድርጊ፣ ሆዴ። ባልሽ የት እንደወጣ፣ ስንት ሆነው እንደወጡ፣ መቼ እንደሚመለሱ በቴሌግራም የሚጻፍ ወሬ አይደለም። "ጀግናዬ ዛሬ ወጣ" ብለሽ ፎቶ የለጠፍሽ ለት ለእኅትሽ ብቻ የነገርሽ ይመስልሻል። ድንበር ላይ ነሽ፤ አኮቦ ወንዝን ከተሻገርሽ ደቡብ ሱዳን ነው። በሚያዝያ 2008 በዚያው ክልል፣ በኑዌር ዞን፣ ከድንበር ማዶ የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ይዘው ሄደዋል። ባልሽ እዚያ የቆመው ለዚህ ነው። አንቺም በዝምታሽ ከጎኑ ቁሚ። እናቴ ያን ሁሉ አውሮፕላን ስትቆጥር ኖራ ቁጥሩን ለአንድም ሰው ተናግራ አታውቅም።

አምስተኛ፣ የባልሽን ማዕረግ አትልበሺ። ካምፕ ውስጥ ሴቱ ሁሉ "የሻምበል ሚስት"፣ "የባሻ ሚስት" እየተባባለ ስሙን ይረሳል። አንቺ ስምሽን ንገሪያቸው፣ ስማቸውንም ጠይቂያቸው። ማዕረግ ከትከሻ ይወርዳል፤ ጎረቤት ግን ጎረቤት ነው። ግንቦት 1983 የኮሎኔል ሚስትና የሃምሳ አለቃ ሚስት በአንድ የጭነት መኪና ላይ አንድ ማዳበሪያ ተጋርተው ተቀምጠው በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን ውሃ ያገኘችው በደህናው ጊዜ ሰላምታ የማትነፍገዋ ነበረች።

ስድስተኛ፣ ምላስሽን አስተምሪው። እኔም ከባለቤቴ ጋር ሁለት ክረምት ዲማ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን አፌ ያመጣልኝን እናገር ነበር። አንድ ቀን አሣ ለምትሸጥልኝ አኝዋክ ጎረቤቴ "ለፋሲካ ወደ አገሬ ልሄድ ነው" አልኳት። አሣውን እየመዘነች ቀና ብላ አየችኝና "ይሄስ የማን አገር ነው?" አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ፊቴን ያነደኛል። ስለዚህ "ወደ ቤተሰቦቼ" በይ። የሰው መልክ እያነሣሽ አትቀልጂ። ሰላምታውን በቋንቋቸው ተማሪ፣ ብትሳሳቺም ይሳቁብሽ፤ የሳቀብሽ ሰው ወዳጅሽ ነው። የእኔን ልጅ በወባ ሌሊት ተሸክማ ጤና ጣቢያ ያደረሰችልኝ ያቺው አሣ ሻጭ ናት።

ስለ ድሙይም ጠይቂያት። በአኝዋኮች ዘንድ ድሙይ የሚባል የጥንት ዶቃ አለ፤ ለጥሎሽ የሚሰጥ፣ ከሁሉ የከበረ። አንዱ ለልጁ ሚስት ሲያመጣ ይሰጠዋል፣ የተቀበለውም በተራው ለሌላ ጋብቻ ያወጣዋል። እንዲህ ከቤት ቤት እየዞረ ዘመድ ያበዛል። ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚያረጅ ቢሆን ኖሮ ዶቃ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሰባተኛ፣ ወርቅ። ዲማ አፈሯ ወርቅ አለው፤ ባህላዊ ቆፋሪው ከየአገሩ ይጎርፍላታል፤ የገበያውም ዋጋ በቆፋሪው ኪስ ልክ ነው። ወርቅ የተገኘ ሰሞን ሽንኩርት እንኳን ይኮራል። የወር አስቤዛሽን ከሚዛን አስመጪ። አንዱ መጥቶ በወረቀት የተጠቀለለች ነገር እያሳየ "ለአንቺ ስል በርካሽ" ካለሽ በሩን በፈገግታ ዝጊበት፤ ያለ ፈቃድ ወርቅ መነገድ ወንጀል ነው፣ ደግሞም ናስ ሊሆን ይችላል። ቁጠባ ከፈለግሽ ከሴቶቹ ጋር ዕቁብ ግቢ። የዕቁብ ቀን ቡና አለው፣ ወሬ አለው፣ እንባም አለው።

ስምንተኛ፣ ትዝታሽን ዛሬውኑ ያዢው። ፎቶ ስታነሺ አሳጥበሽ ከጀርባው የሁሉንም ስም ጻፊ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ሰውም ይበተናል። አስመራ የነበረውን ቃኘው ጣቢያ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ስሙ በኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃችን የተወሰደ ነው። አሜሪካኖቹ ከ1935 ጀምሮ እዚያ ከትመው ትምህርት ቤቱ የራሳቸው፣ ቴሌቪዥኑ የራሳቸው፣ ልጆቻቸውን አሳደጉ፤ የማይነቃነቁ ይመስሉ ነበር። በሚያዝያ 1969 ደርግ "ዝጉ" አላቸው፤ ተረካቢዎቹ በሩ ላይ ቆመው ሳለ በቀናት ውስጥ ጠቅልለው ወጡ። ዛሬ እነዚያ ልጆች ሸብተዋል፤ የአስመራን ዘንባባ ያስታውሳሉ፣ አጠገባቸው የተነሣውን ልጅ ስም ግን የረሱ አሉ። የኃያል አገር ወታደር ልጅ እንኳን እንዲህ ከሆነ እኛማ!

እኛም የወጣነው እንደዚያው ነው። አሁን ወደ ሲኒዎቹ ልመለስ። እናቴ ስድስቱን ሲኒ በጭድ አልብሳ የጥይት ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው። እንጨቱ ወፍራም ነው፣ ጫፍና ጫፉ የገመድ እጀታ አለው፤ ከአልጋዋ ሥር ገፋችው። "የራሳችንን ቤት ስንሠራ እንጠጣባቸዋለን" አለች። ፋሲካ ሲሆን "ይውጡ" እንላታለን፤ "ይሄ እኮ የመንግሥት ቤት ነው፣ ነገ እንዛወራለን" ትለናለች። በአዘቦት ጠርዙ በተሸረፈ ሲኒ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ የደህናዎቹን አቧራ በዓመት አንዴ ጠርጋ መልሳ ትከድናቸዋለች። እኔ ሲኒ ማጠብ የሚፈቀድልኝ ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ጥጥ አበባውን በጣቴ እከተለዋለሁ።

ግንቦት 1983 አንድ ማታ አባቴ ሮጦ ገባና "ውጡ" አለ። ብርድ ልብስ፣ ዳቦ፣ ትንሹ ወንድሜ፣ የወረቀት ቦርሳው። ሣጥኑ ለሁለት ሰው የሚከብድ ነበር፤ ከአልጋው ሥር ቀረ። አባቴ በሕይወት ስለተረፈልን ማንም ስለ ሲኒ አላነሣም፤ እሷም አላነሣችም። ብቻ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት በደረስን በሦስተኛው ቀን ቡና ሲቀዳላት ሲኒውን ይዛ ብዙ ጊዜ ሳትጠጣ ቆየች።

ዲማ ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ። ያቺ ከተማ ጓዝ የተሸከመ ሰው ስታይ የኖረች ናት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኢታንግ፣ በፉኝዶና በዲማ ተጠልለው ነበር፤ ብዙዎቹ ያለ ወላጅ በእግራቸው የመጡ ልጆች ነበሩ። በዚያው በግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ እነሱም ያላቸውን ጥለው ወደ ድንበሩ ተመለሱ። እኛ በጭነት መኪና፣ እነሱ በእግር፣ በአንድ ወር። ስደተኛው፣ ወርቅ ቆፋሪው፣ ወታደሩ፣ ሁሉም ዲማ ሲደርስ "ለጊዜው ነው" ይላል። ለጊዜው ሲል ልጅ ይወልዳል፣ ይድራል፣ ይቀብራል።

አንቺም "ለጊዜው ነው" እያልሽ ጓዝሽ ላይ ቁጭ እንዳትዪ። ስትደርሺ አልጋው ሳይዘረጋ ጀበናሽን ጣጂ። አጠገብሽ ያለችውን ጥሪ፣ ማዶ ያለችውንም ጥሪ፣ አሣ ሻጯንም ጥሪልኝ፤ ደህናዎቹን ሲኒዎች አውጥተሽ ቅጂላቸው። ልጆች ይነኳቸው፣ እንግዳ ያገላብጣቸው። አንዱ ይሰበራል ብለሽ ትፈሪያለሽ አይደል? ይሰበር፣ የኔ ማር። እናቴ ስድስቱንም ያጣቻቸው አንድም ሳይሰበርባት ነው።