ያልተቀጣ ልጅ ማለት ያልተመታ ልጅ ማለት አይደለም



ብዙዎቻችሁ ገና አላገባችሁም፤ ልጅ ግን በእጃችሁ አለ። ታናሽ ወንድም፣ የእህት ልጅ፣ ወይም ከዐስር ሰላት በኋላ ቁርኣን የምታስቀሯቸው የሰፈር ልጆች። እዚህ ሳሪስ አቦ እናትና አባት ማልደው ለሥራ ወጥተው ሲመሽ በሚመለሱበት ቤት ትንሹን የሚያበላውም፣ የሚያጥበውም፣ የሚቆጣውም ታላቁ ልጅ ነው። ስለዚህ የዛሬው የጁሙዓ ነሲሓ "ስንወልድ እንደርስበታለን" የሚባል አይደለም።

"ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል" ይላሉ አባቶቻችን። ብዙ ሰው ይህን አባባል ለዱላ ማስረጃ አድርጎ ያመጣዋል። ግን "የተቀጣ ልጅ" ሲባል ሥርዓት የያዘ፣ ጨዋ ልጅ ማለት ነው እንጂ የተደበደበ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ልጅ አንድ ቃል ይመልሰዋል። እኛ ተርቢያ የምንለውም ይኸው ነው፤ ልጅን ቀስ በቀስ፣ ደረጃ በደረጃ ማሳደግ።

ታዲያ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሲያጠፋ ምን ያደርጉ ነበር? ሦስት ታሪክ እንይ።

የመጀመሪያው የአነስ (ረ.ዐ) ነው። ያኔ ልጅ ነበር። ረሱል አንድ ቀን ላኩት፤ እሱ ግን ገበያ ላይ የሚጫወቱ ልጆች ጋ ደርሶ ቆመ። ሱቅ ልካችሁት ኳስ ጨዋታ ላይ የቀረውን ልጅ አስቡት። ረሱል ከኋላው መጥተው ማጅራቱን ያዝ አደረጉት። ዞር ሲል እየሳቁ ነው። ስሙን አቆላምጠው ጠሩትና ወደላኩት ቦታ ሄዶ እንደሆነ ጠየቁት። "አዎ፣ እየሄድኩ ነው" አለ። ሙስሊም የዘገቡት ነው። ይኸው አነስ አሥር ዓመት ሲያገለግላቸው "ኡፍ" እንኳ እንዳላሉት ተናግሯል።

ሁለተኛው የዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) ነው። በረሱል ቤት ያደገ ልጅ ነው። ማዕድ ላይ እጁ በሳህኑ ዙሪያ ይዞር ነበር። ረሱል ባለጌ አላሉትም። ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱ እንዲያነሳ ነገሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበላሉ እንደዚያ ሆኖ መቅረቱን ራሱ ተርኳል።

ሦስተኛው የልጅ ልጃቸው ሐሰን (ረ.ዐ) ነው። ከሰደቃ ተምር አንዷን አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ። እንዲተፋት አደረጉት፤ የእሳቸው ቤተሰብ ሰደቃ እንደማይበላም ነገሩት። እዚህ ላይ ልስላሴ ማለት ዝም ብሎ ማለፍ እንዳልሆነ አስተውሉ። የተከለከለው ተከልክሏል፤ ትንሽ ልጅ ቢሆንም ምክንያቱ ተነግሮታል።

ሦስቱም ጋ የምታገኙት አንድ ነው፦ አጭር ቃል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያሳይ፣ ሳያዋርድ የሚያርም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ደግሞ ረሱል በአላህ መንገድ ከመታገል በቀር ማንንም በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ መስክራለች።

"የሰላቱ ሐዲስስ?" ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አቡ ዳዉድ የዘገቡት ሐዲስ ልጅን በ7 ዓመቱ በሰላት ማዘዝን፣ በ10 ዓመቱ እምቢ ካለ መምታትን ይጠቅሳል። ግን በመካከሉ 3 ዓመት አለ። በቀን 5 ጊዜ ስትቆጥሩት ከ5 ሺህ በላይ ጥሪ ነው። ከዚያ በኋላም ዑለማዎች የማይጎዳ፣ ምልክት የማይተው፣ ፊት የማይነካ፣ ንዴት መወጫ ያልሆነ ብለው ገድበውታል። 5 ሺሁን ጥሪ ዘልሎ የ4 ዓመት ልጅ ላይ አለንጋ የሚያነሳ ሰው ይህን ሐዲስ ማስረጃው ሊያደርገው አይችልም። በርበሬ ማጠንማ ማሰቃየት እንጂ ተርቢያ አይደለም።

ኢብኑ ኸልዱን ከ600 ዓመት በፊት በሙቀዲማቸው ላይ በተማሪ ላይ ስለሚደርስ ጭካኔ አንድ ምዕራፍ ጽፈዋል። ሐሳባቸው ይህ ነው፦ በጭካኔ ያደገ ልጅ ዱላውን ፍርሃት መዋሸትና ማስመሰል ይለምዳል፤ ያም ጠባዩ ሆኖ ይቀራል። እናንተ ፊት ጸጥ ያለው ልጅ ተስተካክሎ ላይሆን ይችላል፤ መደበቅ ተምሮ ሊሆን ይችላል። አላህን ሳይሆን የእናንተን ኮቴ የሚፈራ ልጅ እናንተ በሌላችሁበት ምን ይጠብቀዋል?

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። ቁርኣን የምታስቀሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አለንጋውን ከመድረሳው አውጡት። ልጁ ሙስሐፍ ባየ ቁጥር ግርፋት ትዝ ሊለው አይገባም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

ወደ ቃሊቲ የሚወስደው አስፋልት ላይ ሮጦ ከገባ ወዲያው ያዙት። ጎንበስ ብላችሁ ዓይን ለዓይን እያያችሁ፣ "መንገድ ያለ እጅ አይሻገሩም" በሉት። የቀረውን መንገድ እጁን ሳትለቁ ሂዱ። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ሲገናኝ ትንሽ ልጅም ይገባዋል። ውሃ ከደፋ ጨርቅ ስጡትና አብራችሁ ጥረጉ። ስልኩን "አምስት ደቂቃ" ብላችሁ ከሰጣችሁት፣ ቢያለቅስም በአምስተኛው ደቂቃ ውሰዱ።

"ጅብ መጣልህ"፣ "ፖሊስ ይወስድሃል" አትበሉት። አንዲት እናት ልጇን "ና፣ ልስጥህ" ብላ ስትጠራው ረሱል ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠይቀዋታል። ተምር አለች። ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት። ለልጅ የተነገረ ቃልም ቃል ነው።

መልካም ሲያደርግም ስሙን ጠርታችሁ ንገሩት። ሲያጠፋ ብቻ የሚጠራ ልጅ ስሙን ይጠላል።

ንዴቱ ሲመጣ ደግሞ የቆማችሁ ከሆነ ተቀመጡ፤ ይህም የነቢዩ ምክር ነው። አቡ መስዑድ (ረ.ዐ) አንድ አገልጋይ ልጅ ሲገርፍ ድምፅ ከኋላው ሰማ። ረሱል ነበሩ። እሱ በልጁ ላይ ካለው አቅም ይልቅ አላህ በእሱ ላይ ያለው እንደሚበልጥ አስታወሱት። እጃችሁ ሲነሳ ይህን አስቡ። ልጁ ከእናንተ ጋር አይታገልም፤ ጌታው ግን ያያል።

ያ ረብ፣ በእጃችን ያሉትን ልጆች የዓይን ማረፊያ አድርግልን፤ ልባችንን አለስልስልን፤ እጃችንንም ከበደል ጠብቅልን። አሚን።