ከሺአ ቅቤና ከንብ ሰም በሚዘጋጅ ቅባት ላይ የሚታይ መሻከር፦ መንስኤውና መከላከያው

ከሺአ ቅቤ፣ ከንብ ሰምና ከዘይት በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ የከንፈርና የቆዳ ቅባት በተሠራበት ዕለት ልስልስ ሆኖ ሳለ፣ ከቀናት በኋላ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሊሻክር ይችላል። ገዢው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል፤ አምራቹም ሳይመረምር ይጥለዋል። ይሁን እንጂ መሻከር ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ በአብዛኛው የአቀዛቀዝ ውጤት ነው።

የሺአ ቅቤ በዋናነት ስቴሪክና ኦሌይክ አሲድን የያዙ የተለያዩ ትራይግሊሰራይዶች ድብልቅ ነው። በስቴሪክ አሲድ የበለጸጉት ገና ሙቀቱ ከፍ እንዳለ መርጋት ሲጀምሩ፣ በኦሌይክ አሲድ የበለጸጉት ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። የቀለጠው ቅቤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ቀድመው የሚረጉት ተሰባስበው ትልልቅ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ያገኛሉ። በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ግን በጣት የማይለዩ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች በብዛት ይፈጠራሉ። የዛፉ ዝርያም ልዩነት ያመጣል። በጋምቤላ ጭምር የሚበቅለው የምሥራቅ አፍሪካው ዝርያ ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ በኦሌይክ አሲድ የበለጸገ በመሆኑ ቅቤው ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ለአንዱ የተቀመረው የሰም መጠን ለሌላው ላይስማማ ይችላል።

የቅንጣቱን ምንነት ለመለየት በጣት ማሸት ይጠቅማል። በቆዳ ሙቀት የሚቀልጥ ከሆነ የቅቤው ክሪስታል ነው። የማይቀልጥ ከሆነ ግን ሰም ወይም ጉድፍ ሊሆን ይችላል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በመሆኑ፣ በቀለጠ ሰም ላይ ቀዝቃዛ ቅቤ ሲጨመር ሰሙ ቀድሞ ይጓጉላል። ከጠጅ የተረፈ ሰፈፍም በውሃ ተፈልቶ በሚገባ ካልተጣራ ጉድፉ ከሰሙ ጋር ይቀራል። የዘይቱና የቅቤው መበላሸት የሚታወቀው ግን በመሻከር ሳይሆን በጠረን መለወጥ ነው።

ለዝግጅቱ በክብደት 1 እጅ ሰም፣ 2 እጅ የሺአ ቅቤና 2 እጅ የሰሊጥ ዘይት መነሻ ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ ሰሙና ዘይቱ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አብረው ይቀልጣሉ። ቅቤው ከተጨመረ በኋላ ድብልቁ በ75 ዲግሪ ገደማ ለ20 ደቂቃ ይቆያል፤ ሳይቀልጡ የቀሩ ክሪስታሎች ለአዳዲሶቹ መነሻ እንዳይሆኑ ይህ እርምጃ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ዕቃው በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ድብልቁ ያለማቋረጥ ይማሰላል፤ መወፈር ሲጀምርም ወደ ማሸጊያው ተገልብጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። ውሃ ለተሐዋስያን መራቢያ ስለሚሆን ጠብታውም ቢሆን ወደ ቅባቱ እንዳይገባ ጥንቃቄ ያሻል።

በደንብ የተሠራ ቅባትም በጉዞ ወይም በመደብር ሙቀት በከፊል ቀልጦ ቀስ ብሎ ከረጋ ይሻክራል። ስለዚህ ጠረኑ ያልተለወጠ የሻከረ ቅባት ሊጣል አይገባም። ሙሉ በሙሉ እንዲቀልጥ ተደርጎ፣ ጉድፍ ካለበት ትኩስ ሳለ ተጣርቶ፣ በፍጥነት ቢቀዘቅዝ ልስላሴው ይመለሳል።