የአራስ ሕፃን ደም ስለ ልቡ የሚነግረን

ሕፃን በእናቱ ማኅፀን ሳለ በሳንባው አየር አይስብም፤ ኦክሲጅን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጁ በእትብቱ በኩል ነው። በተወለደ ጊዜ ግን ሳንባው አየር ይሞላል፤ የደሙም መንገድ ይለወጣል። ይህን ሁሉ ለውጥ የሚሸከመው ትንሹ ልቡ ነው።

ታዲያ ሳንባው በሚገባ ያልተከፈተ እንደ ሆነ ምን ይሆናል? ኦክሲጅን ያነሰው የልብ ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። በዚያን ጊዜ በጡንቻው ውስጥ የሚኖረው ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲን ወደ ደም ይወጣል። ኤንቲ ፕሮቢኤንፒ የተባለው ሌላው ምልክት ደግሞ የልብ ግድግዳ በጫና ሲለጠጥ ይጨምራል። ስለዚህ የመተንፈስ ችግር ያለባቸው አራሶች በአማካይ ከጤነኞቹ ይልቅ እነዚህ ምልክቶች ከፍ ብለው ይገኙባቸዋል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዘመናዊው ምርመራ ለአዋቂ ሰው የተለመደው የትሮፖኒን ቲ የላይኛው ልክ በሊትር 14 ናኖግራም ነው፤ ናኖግራም ማለት የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ጤነኛ አራስ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል። ኤንቲ ፕሮቢኤንፒም በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከፍ ብሎ ቆይቶ ኋላ ይቀንሳል። እንግዲህ አራሱን በአዋቂ ሚዛን የመዘነ ሰው ጤነኛውን በሽተኛ ያደርገዋል፤ እናቲቱንም በከንቱ ያስደነግጣታል።

ደግሞም ቁጥር ብቻውን አይፈርድም፤ ከቁጥር በፊት ዓይን ይቀድማል። በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ የሚያቃስት፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።