በበጋ ሙቀት ስለሚደለብ ሰንጋ አመጋገብ

በአገራችን ሰንጋ አስሮ የሚቀልብ ገበሬ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የፋሲካን ገበያ ነው። በዓሉ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ከእርሱ በፊት ያለው ጾምም 55 ቀን ነው። እንግዲህ በሬው ደኅና አድርጎ ሊበላና ሥጋ ሊጨምር የሚገባው በእነዚሁ 55 ቀኖች ነው፤ ነገር ግን በብዙው የአገራችን ክፍል ሙቀት የሚጸናው፥ ሣርም የሚደርቀው፥ ውሃም የሚያንሰው በእነዚሁ ቀኖች ነው። ገዥውም ሚዛን ይዞ አይመጣም፤ ሻኛውን በዓይኑ ለክቶ፥ ጎድኑንና የጭራውን ሥር በእጁ ዳስሶ ዋጋ ይቆርጣል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት መብላት የተወ በሬ የብዙ ወራት ድካም ያጠፋል።

እኔ ልጅ ሳለሁ በቤታችን የሆነው ይኸው ነበር። አባቴ በኅዳር ገዝቶ ያሰረው ጥቁር በሬ እስከ መጋቢት እኩሌታ ድረስ እያማረ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ግን በቀትር የሚቀርብለትን እህል እያሸተተ ይተወው ጀመር። እኛም የጎደለው እህል መስሎን አበዛንለት፤ አንድ ቀን ቀዝቀዝ ሲል ሁሉንም ጠርጎ በላና ሆዱ ተነፋ። ነፍሱ ተረፈች፤ በገበያ ያወጣው ዋጋ ግን ከተገዛበት ያነሰ ነበር። በዚያ ዓመት የእኔና የእኅቴ ልብስ ሳይገዛ ቀረ፤ የዘሩም እህል በብድር ተገኘ።

የዚህም ነገር ምክንያት እንዲህ ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ የመጀመሪያውና ትልቁ ጨጓራው እንደ ጠላ ጋን ነው፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ሣሩንና እህሉን በውስጡ ያፈሉታል። ይህም ፍላት ሙቀት ይወልዳል። በብርድ ወራት ሙቀቱ ለበሬው ይጠቅመዋል፤ በበጋ ግን ሸክም ይሆንበታል። ሙቀቱም ወዲያው አይወጣም፤ ከበላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ጠዋት በ3 ሰዓት ሆዱን የሞላ በሬ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ድረስ የሆዱ እሳትና የፀሐይ እሳት ባንድነት ይገናኙበታል። እርሱም ይህን በተፈጥሮው ስለሚያውቅ መብላቱን ይተዋል። በቀትር እህል የሚሸሽ በሬ ብዙ ጊዜ ያልታመመ፥ ያልጠገበም ነው፤ ራሱን ከሙቀት የሚጠብቅ ነው።

የአገራችን ባለሻኛ ከብት ከፈረንጅ ከብት ይልቅ ሙቀት እንደሚችል የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አብዝቶ የሚበላ ድልብ በሬ፥ ይልቁንም ጠጉሩ ጥቁር የሆነ፥ በሜዳ ከሚሰማራው ወንድሙ ይበልጥ ይቸገራል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ቀለቡን ከቅዝቃዜው ጋር ማስኬድ ነው። የቀኑ ቀለብ በሦስት ቢከፈል አንዱ እጅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሰጥ፤ ሁለቱ እጅ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሰጥ። የማታው ቀለብ ሙቀት የሚበረታው በእኩለ ሌሊት ነውና አየሩ ያግዘዋል። ጭድና አገዳ ከሚሰጡት ኃይል ይልቅ የሚያመጡት ሙቀት ብዙ ስለ ሆነ ድርሻቸው በማታው ይሁን። ነገር ግን ፈጽሞ አይቅሩ፤ እህል ብቻውን የሆነ እንደሆነ ጨጓራውን ያኮመጥጠዋል፥ ማመስኳቱም ይቋረጣል። እህልና ፋጉሎም ቢሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይጨመር እንጂ ባንድ ቀን አይብዛ። አንድ ቀን ያልበላ በሬ በማግስቱ የትናንቱን ቀለብ ደርቦ ሊሰጠው አይገባም፤ እኛን የጎዳን ይህ ነበር።

የሐረርጌ ገበሬዎች በማሽላ ወራት በሬያቸውን በደጃፋቸው አስረው ቅጠሉንና የተነቀለውን ቡቃያ ጥቂት በጥቂት በእጃቸው ሲያጎርሱት ላየ ሰው ልማዱ ለቅንጦት ይመስለዋል። ጥበብ ግን አለበት። በግርግም ተከምሮ የዋለ ቀለብ በበሬው ትንፋሽና ምራቅ ይሻግታል፤ የጠላና የአረቄ አተላም በሙቀት ሲያድር ይበላሻል። ስለዚህ የተረፈው ሳይጠረግ አዲስ አይጨመርበት። ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በድርቅ ቀጭጮ የቆየ ወይም ታጭዶ እንደገና ያቆጠቆጠ ለጋ ማሽላ ከብትን በጥቂት ደቂቃ የሚገድል መርዝ ይኖረዋልና እርጥቡን ለበሬ መስጠት አይገባም።

ውሃ ያነሰው በሬ ቀለቡን ይቀንሳል። በቀዝቃዛ ቀን 25 ሊትር ያህል የሚበቃው በሬ በጽኑ ሙቀት 40 ሊትርና ከዚያም በላይ ይሻል። ወንዝ ሩቅ በሆነበት መንደር ውሃ መቅዳት የሴቶችና የልጆች ሸክም መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ሁለት እንስራ ውሃ የጎደለበት በሬ የሚተወው እህል ከድካሙ ይበልጣል። ዋናው ማጠጫ ከማታው ቀለብ በፊት 11 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ገንዳውም በጥላ ይቀመጥ፥ በየቀኑም ይታጠብ፤ በሬ ፋንድያ የሸተተውን ውሃ ይጠላልና። ከአፋር የጨው ሜዳ ከሚመጣው አሞሌ በቀን ሁለት ማንኪያ ያህል ቢልስ ይበቃዋል።

ስለ ማደሪያውም ጥቂት ልናገር። ቀን በዛፍ ጥላ ወይም በሣር ክዳን ዳስ ሥር መዋል ከቆርቆሮ በታች ከመዋል ይሻላል፤ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ራሱ ያቃጥላል። ሌሊት ግን ብዙ ሰው ጅብን ፈርቶ በሬውን በጭቃ በተመረገ፥ መስኮት በሌለው ቤት ያስገባዋል። ቀን የሰበሰበውን ሙቀት የሚያወጣው ሌሊት ስለ ሆነ፥ ነፋስ የማያገኝ በሬ ማለዳም ሞቆት ይነሣል፥ የጠዋቱንም ቀለብ ይተወዋል። ወፍራም እንጨት አቀራርቦ አቁሞ ሳይመርጉ መተው ጅቡንም ይከለክላል፥ ነፋሱንም ያሳልፋል።

መምህራን ይህን ለልጆች በሒሳብ ትምህርት ሊያሳዩ ይችላሉ። ተማሪው ከበሬው ጎን ራቅ ብሎ ይቁም፤ ጎኑ ሲነፋና ሲሟሽሽ አንድ ብሎ ለግማሽ ደቂቃ ይቁጠር፥ ቁጥሩንም በሁለት ያብዛ። ያረፈ በሬ በማለዳ በደቂቃ ከ20 እስከ 40 ጊዜ ይተነፍሳል። በ9 ሰዓት ከ80 ያለፈ እንደሆነ ሙቀቱ ከብዶታል፤ ከ120 ያለፈ ወይም አፉን ከፍቶ ምላሱን ያወጣ እንደሆነ ግን አደጋ ነው። ያን ጊዜ ሳያዋክቡ ወደ ጥላ ማቆም፥ ውሃ ማቅረብ፥ ነፋስ ባለበትም ቆዳው እስኪርስ ውሃ ማፍሰስ ይገባል። የማለዳው ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ የሄደ እንደሆነ በሬው ሌሊት አልበረደም ማለት ነውና ማደሪያውን መመርመር ያስፈልጋል።

ወደ ገበያም ሲነዱት ጉዞው በሌሊት ወይም በማለዳ ይሁን፤ በቀትር አይነዳ። ከደረሰ በኋላ ከግርግሩ ፈቀቅ አድርገው በጥላ ያቁሙት፤ ውሃ ይጠጣ፥ ጥቂት ድርቆሽም ይቅረብለት። ተኝቶ ሲያመሰኳ ያገኘው ገዥ የበሬውን ጤንነት ሳይጠይቅ ይረዳዋል።