ለማስተላለፍ አንድ፣ ለመቀበል ሌላ፦ የአማተር ራዲዮ ሁለተኛ አንቴና

በአማተር ራዲዮ ጣቢያ ማስተላለፊያውና መቀበያው በአንድ ሣጥን ተጣምረው፣ በአንድ ገመድ ከአንድ አንቴና ጋር መያያዛቸው የተለመደ ነው። ጥምሩ መሣሪያ ትራንሲቨር ይባላል። ተጠቃሚው የመናገሪያውን ቁልፍ ሲጫን አንቴናው ወደ ማስተላለፊያው፣ ሲለቅ ደግሞ ወደ መቀበያው ይዞራል። አሠራሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ልምድ ያላቸው አማተሮች ለመቀበል ብቻ የሚያገለግል ሌላ አንቴና የሚዘረጉት ለምንድን ነው? ከትራንሲቨሩ ጋርስ መሣሪያው ሳይቃጠል እንዴት ይገናኛል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ቦታ በአርሲ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አርቦዬ ናት። አነስተኛ ከተማ ከነሰፊ የእርሻ መሬቷ ለዚህ ትምህርት ከትልቅ ከተማ ይልቅ ትመቻለች።

ስለ አንቴና የሚማር ተማሪ አስቀድሞ ከሚያገኛቸው ሕጎች አንዱ የተገላባጭነት ሕግ ነው። አንድ አንቴና ሲያስተላልፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ያለው ብርታት፣ ሲቀበልም ከዚያው አቅጣጫ ካለው ብርታት ጋር እኩል ነው ይላል። ታዲያ ለማስተላለፍ የሚበልጠው አንቴና ለመቀበልም ሊበልጥ አይገባምን? ሕጉ ትክክል ነው፤ የሚለያየው ከአንቴናው የምንፈልገው ነገር ነው። ስናስተላልፍ የምንፈልገው ከ100 ዋቱ አብዛኛው ክፍል ሳይባክን ወደ አየር እንዲወጣ ነው። ስንቀበል ግን የምልክቱ መጠን ብቻውን ምንም አይነግረንም። ወሳኙ ምልክቱ ከሁከቱ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ሁከት የምንለው በድምፅ ማጉያው ውስጥ ያለማቋረጥ የሚያሿሸውንና የሚንጫጫውን ሁሉ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር እንየው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሰው ሠራሽ ሁከትን ለመገመት የሚረዱ ቀመሮች አሉት። በ3.6 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም 83 ሜትር ገደማ በሆነ የሞገድ ርዝመት ላይ፣ ቀመሩ ለከተማ 61 ዴሲቤል ያህል፣ ለገጠር ደግሞ 52 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። ሁለቱም ቁጥሮች የሚለኩት ከሙቀት የተነሣ በማንኛውም ተቃዋሚ ውስጥ ከሚኖረው ዝቅተኛ ሁከት በላይ ነው። በአምስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ በመጀመሪያው ምድብ ይገባል፤ ከአርቦዬ ውጭ በእርሻ መካከል የሚቆም ጣቢያ በሁለተኛው።

የመቀበያው የራሱ ሁከት 15 ዴሲቤል ነው ብንል፣ ከውጭ የሚገባው በገጠር እንኳ በ37 ዴሲቤል ይበልጠዋል። እንግዲህ 25 ዴሲቤል የሚያባክን፣ ማለትም ካገኘው ኃይል ከ300 አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ለገመዱ የሚያቀብል ደካማ አንቴና ብንሰቅል ምን እናጣለን? ምልክቱም ሁከቱም እኩል ስለሚቀንሱ፣ ከውጭ የመጣው ሁከት አሁንም ከመቀበያው ሁከት በ12 ዴሲቤል በልጦ ይቀራል። የምልክቱና የሁከቱ ንጽጽር የሚበላሸው ከግማሽ ዴሲቤል ባነሰ መጠን ነው፤ ጆሮ አይለየውም። ስለዚህ ለመቀበል ብቻ የሚሠራ አንቴና ደካማ፣ አጭር፣ ለመሬት የቀረበ ሊሆን ይፈቀድለታል። ከእርሱ የሚጠበቀው ምልክቱ ወዳለበት አዙሮ፣ ሁከቱ ካለበት መመለስ ብቻ ነው። ማስተላለፊያ አንቴና ግን 25 ዴሲቤል ቢያባክን ከ100 ዋት የሚወጣው ከአንድ ዋት ሲሶ ያህል ይሆናል።

ይህን እውነት አማተሮች የተረዱት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 ጳውል ጎድሊ የተባለ አሜሪካዊ አትላንቲክን ተሻግሮ በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ፣ በአርድሮሳን፣ በድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ማስተላለፊያ አልነበረውም። የነበረው መቀበያና 400 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ ሽቦ ነው። ሽቦው የተሠራው ሃሮልድ ቤቨሬጅ በዚያው ዓመት የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ ነበር። ጎድሊ በዚያ ብርድና ዝናብ ከሃያ በላይ የአሜሪካ አማተር ጣቢያዎችን ሰማ። ማንም በዚያ ሽቦ ለማስተላለፍ አያስብም፤ አብዛኛው ኃይል መሬት ውስጥ ይቀራል። ለመስማት ግን ዛሬም ተወዳዳሪው ጥቂት ነው።

ወደ አርቦዬ እንመለስ። አንቴናውን ከመምረጣችን በፊት ማንን ለመስማት እንደምንሻ መወሰን አለብን። የአውሮፓ ጣቢያዎች ምልክት ከሰሜን ምዕራብ፣ ከአድማስ ብዙ ሳይርቅ፣ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ለእርሱ በደረቅ ማሳ ዳር፣ ከመሬት 2 ወይም 3 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ከ80 እስከ 160 ሜትር የሚረዝም የቤቨሬጅ ሽቦ ተስማሚ ነው። በአውሮፓ በኩል ያለው ጫፍ 450 ኦም ገደማ በሆነ ተቃዋሚ ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ በጣቢያው በኩል ያለው ጫፍ ደግሞ በዘጠኝ ለአንድ ትራንስፎርመር ወደ 50 ኦም ገመድ ይወርዳል። ከመከር በኋላ በሬና ፈረስ በማሳው እንደሚሰማራ መርሳት አይገባም። ሽቦው ከቀንድ በላይ ካልሆነ በማግሥቱ አይገኝም።

አዲስ አበባን ለመስማት ከፈለግን ግን የቤቨሬጅ ሽቦ አይረዳንም። ርቀቱ በአየር መስመር ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ በመሆኑ ምልክቱ ሽቅብ ወጥቶ ከአዮኖስፌር ይመለስና ከሞላ ጎደል ከአናታችን በላይ ይወርዳል። እዚህ ላይ ለአገራችን ልዩ የሆነ ነገር አለ። የመግነጢስ ምድር ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ለጥናት የተመረጠ ስፍራ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በእኛ ዘንድ የምድር መግነጢስ መስክ ወደ መሬት አይዘቀዝቅም፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን አግድም ይተኛል። ሽቅብ የሚወጣ ሞገድ በዚህ መስክ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። የኤሌክትሪክ መስኩ በሰሜንና ደቡብ መስመር የሚወዛወዘው ክፍል መግነጢሱ እንደሌለ ሆኖ ያልፋል፤ በምሥራቅና ምዕራብ የሚወዛወዘው ግን በታችኛው አዮኖስፌር ውስጥ የበለጠ ይዋጣል። በ3.6 ሜጋኸርዝ ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ ወደ 1.8 ሜጋኸርዝ ስንወርድ እጅግ ይሰፋል።

ስለዚህ ለቅርብ ርቀት የሚዘረጋ አግድም ሽቦ በሰሜንና ደቡብ መስመር ቢሆን ይመረጣል። ሽቦ መዘርጋት ካልተቻለ፣ ዙሪያዋ ጥቂት ሜትር የሆነች ቀጥ ብላ የምትቆም የቀለበት አንቴና ትበቃለች። የቀለበቷ ገጽ በሰሜንና ደቡብ መስመር ይቁም። እንዲህ ስትቆም ከላይ የሚወርደውን ምልክት በሙሉ ትቀበላለች፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ በመሬት ላይ እየተሳበ ለሚመጣው ሁከት ግን ደንቆሮ ናት። እንግዲህ ከተማው ከቀለበቷ በስተምሥራቅ ወይም በስተምዕራብ እንዲውል ቦታዋን ብንመርጥ፣ ከከተማው የሚነሣው ሁከት በራሱ ይደክማል። በዋጋ ረገድ ከዚህ የረከሰ ማሻሻያ አናውቅም።

የትኛው የከተማ ሁከት ነው የምንሸሸው? የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያና ኢንቨርተር፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። የወፍጮ ቤት ሞተርም አይናቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብዙ ጊዜ ያለ በደሉ ይታማል፤ ምጣዱ ተራ የሙቀት ሽቦ ነው፣ የሚንጫጫው የላላው ሶኬት ነው።

አሁን ወደ ማገናኘቱ እንግባ። አንዳንድ ትራንሲቨሮች ከጀርባቸው ለመቀበያ አንቴና የተለየ መሰኪያ አላቸው፤ ሥራው ገመዱን ሰክቶ በማውጫው ላይ መምረጥ ብቻ ይሆናል። ብዙዎቹ ዋጋቸው አነስ ያለ ግን መሰኪያቸው አንድ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ሪሌይ ያለበት ትንሽ ሣጥን ከውጭ መሥራት ግድ ይላል። የትራንሲቨሩ ገመድ ወደ ሪሌዩ መሐል ይገባል፤ በአንዱ ወገን ዋናው አንቴና፣ በሌላው ወገን የመቀበያው አንቴና ይያያዛል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሪሌዩ ኃይል ሲያገኝ ወደየት ይዙር በሚለው ላይ ነው። ኃይል የሌለው ሪሌይ ዋናውን አንቴና ማገናኘት አለበት። ይህ ከሆነ መብራት ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢደክም 100 ዋት የሚሄደው ወደሚችለው አንቴና ነው። ሪሌዩ ኃይል የሚያገኘው ስንሰማ ብቻ ይሁን። አብዛኞቹ ትራንሲቨሮች ሲያስተላልፉ ወደ ግራውንድ የሚዘጋ የትእዛዝ መስመር ስላላቸው፣ አንድ ትራንዚስተር ይህን ይፈጽማል። ስንሰማ የትራንዚስተሩ ቤዝ በተቃዋሚ በኩል ከ12 ቮልት እየተመገበ ሪሌዩን ይይዛል፤ ስናስተላልፍ የትእዛዙ መስመር ቤዙን ወደ ግራውንድ ስቦ ሪሌዩን ያስለቅቃል። ይህ ዘዴ ከኃይል መቋረጥ ይጠብቃል እንጂ ከትእዛዙ ገመድ መበጠስ አይጠብቅም። ገመዱ ከተበጠሰ ሪሌዩ በመቀበያው አንቴና ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል፤ ስለዚህ መሰኪያው ጠንካራ፣ ፍተሻውም የዘወትር ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ሪሌይ ለመልቀቅ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ትራንዚስተሩን ለመጠበቅ በጥቅል ሽቦው ላይ የምናደርገው ዳዮድ ደግሞ በጥቅሉ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ እንዲጠፋ በማድረግ መልቀቂያውን ብዙ እጥፍ ሊያዘገየው ይችላል። ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ የ24 ቮልት ዜነር ዳዮድ ቢገባ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ትራንዚስተሩ ግን ከ36 ቮልት በላይ የሚችል ይሁን። ከዚህም ሌላ በትራንሲቨሩ ማውጫ ውስጥ የማስተላለፊያ መዘግየት የሚባል ምርጫ ካለ ወደ 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ከፍ ማድረግ ይበጃል።

ሪሌዩ በትክክል ቢሠራም የመቀበያው አንቴና ከዋናው አጠገብ ከቆመ የማስተላለፊያውን ኃይል ከአየር ይለቅማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 20 ዴሲቤል ብቻ ከሆነ ከ100 ዋት 1 ዋት ይገባበታል፤ ይህም በ50 ኦም ላይ 7 ቮልት ነው። በሳጥኑ ውስጥ ቅድመ ማጉያ ካለ ወይም ትራንሲቨሩ የራሱ የመቀበያ መሰኪያ ያለው ከሆነ ጉዳቱ የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው። ሲያስተላልፉ የመቀበያውን ገመድ ወደ ግራውንድ የሚያገናኝ ሁለተኛ የሪሌይ መገናኛ፣ በተጨማሪም ፊትና ኋላ የተያያዙ ሁለት ዳዮዶች መልካም ጥበቃ ናቸው። አንቴናዎቹን ማራራቅ ግን ከሁሉ ይቀድማል። በአርቦዬ ማሳ 50 ሜትር መራቅ አያስቸግርም፤ የተቃጠለ የመቀበያ ክፍልን መለወጫ ማግኘት ግን ወራት ሊጠይቅ ይችላል። የክረምቱ መብረቅ ሲቃረብ ደግሞ ሁለቱም ገመዶች ይነቀሉ፤ ዳዮድም ሪሌይም መብረቅን አያቆሙም።

ሣጥኑ ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ ራዲዮው ሳይበራ መገናኛዎቹ በኦም መለኪያ ይፈተሹ። ቀጥሎ በዋናው አንቴና ቦታ 50 ኦም የሆነ ኃይል የሚችል ተቃዋሚ አስገብተን በ5 ዋት እንሞክር። የመቀበያው አንቴና ገመድ በዚህ ጊዜ ተነቅሎ ይቆይ። ችግር ካልታየ ኃይሉ ደረጃ በደረጃ ይጨመር።

በመጨረሻ ማታ፣ አንድ ደካማ ጣቢያ እየተናገረ ሳለ፣ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው እያፈራረቅን እናዳምጥ። ወደ መቀበያው አንቴና ስንዞር የኃይል መለኪያው መርፌ ይወድቃል፤ ጀማሪው በዚህ ደንግጦ ወደ ዋናው አንቴና ይመለሳል። መርፌው የሚለካው ምልክቱንና ሁከቱን በአንድነት ነው። ጣቢያው ዝም ባለበት ቅጽበት መርፌው የት እንደሚያርፍ፣ ሲናገርስ የት እንደሚደርስ በሁለቱም አንቴናዎች ይመዝገብ፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ርቀት የሚሰፋበት አንቴና የዚያን ምሽት የሚመረጠው ነው።