አዲስ ክር ሲዝዝ ጥፋቱ የማን ነው?

ለክራርና ለጊታር ተለማማጆች የቀረበ አጭር ጥናት



«በጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው» ይባላል። ተረቱ ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሲያስቸግረን ሁላችንም የምናደርገውን ያሳያል። «ቆዳው መጥፎ ነው፣ ክሩ ተራ ነው» ብለን ወዲያው እንፈርዳለን። እኛም እንዲሁ ፈርደን ተሳስተናል። ስሕተታችን ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ በወጣንበት ጊዜ ለትምህርት መዝጊያ በዓል ሕፃናቱን መዝሙር አስጠንተን ነበር። ባለ 6 ክር ክራር ከአንድ የአካባቢው ሽማግሌ ተዋስን። ክሮቹ ያረጁ ናይሎን ስለ ነበሩ፣ ድምፁ ጎላ እንዲል ብለን ቀጫጭን የጊታር ሽቦ ለወጥንባቸው። አምስቱ ጥሩ ሆኑ። ሦስተኛዋ ግን በተመታች ቁጥር ዝዝዝ ትላለች፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ በሏት! በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዕቃው ደግሞ የሰው ነው።

ምን አደረግን? «ላልታ ነው» ብለን ወጠርናት። ዝዝታው አልጠፋም፤ ቅኝቱ ግን ተበላሸ። አሁንም ወጠርናት። ጧ! ተበጠሰች። የነበረን መለዋወጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አስገባን፤ ያው ዝዝታ! ቆም ብለን ማሰብ የጀመርነው ያን ጊዜ ነው። ክሩ ተለውጦ ድምፁ ካልተለወጠ ጥፋቱ የክሩ ሊሆን አይችልም።

1ኛ. ዝዝታ ምንድን ነው?

ክር ሲመታ ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል። ሁለቱ ጫፎቹ ጠበቅ ብለው ተይዘው መካከሉ ነፃ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሲርገበገብ አንድ ነገር ጫር ካደረገው፣ ወይም መቀመጫው ሰፍቶት ከተንቀሳቀሰ፣ መነካካቱ በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ዝዝታ የምንለው ይህን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ክሩ ምን ነካ?» ተብሎ ነው።

2ኛ. አፈላለጉ

ሀ/ ሌሎቹን ክሮች በመዳፍ ይዞ የተጠረጠረውን ብቻ መምታት። ዝዝታው ከጠፋ የሚዝዘው ጎረቤቱ ነው።

ለ/ ቀንበሩ ላይ የተረፈውን የክር ጫፍ ማየት። ሳይቆረጥ የቀረ ሽቦ ከእንጨቱ ጋር ይነካካል። የላላ መቃኛም እንዲሁ ነው።

ሐ/ ቆዳውን በጣት መታ መታ ማድረግ። በክረምት ቆዳ እርጥበት ስቦ ይረግባል፤ በርኩማውም አብሮ ዝቅ ስለሚል ክሩ በደንብ አይጫነውም። እንዲህ ሲሆን ከእሳት ራቅ አድርጎ ማድረቅ ነው።

መ/ ክሩን ከበርኩማው በስተ ታች፣ በማሰሪያው ወገን፣ በጥፍር ጫን አድርጎ መምታት። ዝዝታው ከቆመ በሽታው ያለው ክሩ ከተቀመጠበት ቦይ ላይ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ያሳዩን የክራሩ ባለቤት ናቸው። እየፈራን ብንነግራቸው ሳይቆጡ፣ «ልጆቼ፣ ክሩን ከምታሰቃዩት መቀመጫውን አታዩለትም?» ብለው በጥፍራቸው ጫን አሉት። ዝዝታው ቀጥ አለ።

በዚህ ሁሉ አንድ ሕግ አለ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይነካም። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

3ኛ. ምክንያቱና መድኃኒቱ

ብረት በመጠን እኩል ከሆነው ናይሎን 7 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ በአንድ ርዝመት፣ በአንድ ቅኝትና በእኩል ውጥረት 0.7 ሚሊ ሜትር ናይሎንን የሚተካው 0.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ሽቦ ነው። ውፍረቱ ከናይሎኑ እኩል የሆነ ሽቦ ብናስገባ 7 እጥፍ ያህል ውጥረት ስለሚጠይቅ ቀንበሩንም ቆዳውንም በጎዳ ነበር። ቀጭኑን መምረጣችን ልክ ነው። የረሳነው በርኩማውን ነው፤ አሮጌው ክር ለዓመታት የቆፈረው ቦይ ለቀጭኑ ሽቦ የአባት ጫማ ሆነበት። ሦስተኛዋ ቦይ ደግሞ ከሁሉ የሰፋች ነበረች።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። ከአሮጌው ቦይ አጠገብ በምላጭ ጫፍ ስስ ምልክት አበጀን። ያንን የተበጠሰውን ሽቦ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ስበን ልኩን ቦይ አወጣን። ቦዩ ወደ ማሰሪያው ወገን ዘንበል ማለት አለበት፤ ክሩ እንጨቱን የሚለቀው በፊተኛው ጠርዝ ላይ እንዲሆን ነው። ሜዳ ከሆነ ክሩ እየተነሣና እየተቀመጠ ይዝዛል። በመጨረሻ የእርሳስ ዱቄት ቀባነው። ክሯ ጠራች!

4ኛ. ዝዝታ ሲፈለግስ?

በገና 10 ክሮች አሉት፤ ዝዝታውም የድምፁ ጌጥ ነው። በሰፊው በርኩማና በክሩ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው እንዚራውን ገፋ ሳብ እያደረገ፣ ክሩ በርኩማውን በልኩ እንዲነካ ያስተካክላል። የዓለሙ አጋን ቅጂዎች የሰማ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። እንግዲህ ዝዝታ ጥፋት የሚሆነው ሳይጠሩት ሲመጣ ነው።

5ኛ. ኤሌክትሪክ ጊታር ለያዛችሁ

ድምፁን የሚያነሣው ማግኔት ስለሆነ ናይሎን አይሆንለትም፤ የብረት ክር ይፈልጋል። አፈላለጉ ግን ያው ነው። ክሩ ባዶውን ሲመታ ብቻ የሚዝዝ ከሆነ በአንገቱ ጫፍ ያለውን ቦይ ተመልከቱ። አንገቱ መጀመሪያ አካባቢ በጣት ሲያዝም የሚዝዝ ከሆነ አንገቱ ቀጥ ብሎ ይሆናል። ከበፊቱ የቀጠኑ ክሮች ስታስገቡ የሚስቡት ኃይል ስለሚቀንስ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ይመለስና ክሩ በአንገቱ ላይ የተደረደሩትን ብረቶች ይነካል። ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ብረት ላይ ተጭናችሁ፣ 7ኛው ብረት ዘንድ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖሩን እዩ። ከሌለ በአንገቱ ውስጥ ያለው ዘንግ በመፍቻ ላላ ይደረጋል፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ግን እንዳታዞሩ! ክሮቹ ጸጥ ብለውም ማጉያው የሚያጉረመርም ከሆነ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ክሩን ተዉት።

የበዓሉ ዕለት ሕፃናቱ ዘመሩ፤ ክራሩም ከነአዲሱ ቦይ ለባለቤቱ ተመለሰ። ነገ ከሱቅ ርቆ በሚገኝ ት/ቤት ስንመደብ ክር እንደ ልብ አይገኝም። ለተማሪም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። አንድ ልጅ ትምህርት አልገባው ሲል «ሰነፍ ነው» ብለን ከመወጠራችን በፊት መቀመጫውን እንይለት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ክሩ ተለውጦ ዝዝታው ካልተለወጠ ምን እንረዳለን?
2. 0.7 ሚሊ ሜትር ሽቦ በናይሎን ክራር ላይ የማይገባው ለምንድን ነው?
3. የበገናው እንዚራና የሰፋው የክራር ቦይ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?